ማኅተሙን ስመልስ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደ ደብዳቤው፣
አንድ ገጽ፣ አራት መስመር፣ ፊርማው ሩጫ የሚመስል፤
«በቤት ዕቃ ላይ የተጣለው ጊዜያዊ ቀረጥ
ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ተነሥቷል» የሚል።

አምስት ዓመት ቆየ ይህ ጊዜያዊ ጣጣ፤
እንደ ባል ዘመድ ነው፣ «ላንድ ሌሊት» ብሎ የመጣ፣
ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ ጫማውን አልጋ ሥር ገፍቶ፣
ክረምት ከርሞ፣ በጋ ደግሞ፣
ኋላማ ማን እንግዳ ማን ባለቤት እንደሆነ ለኛም ጠፋን።

እኔም ጊዜያዊ ነኝ።
ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣ ሦስተኛው መጋዘን፣
ከሚሌ በኩል የመጣ ተሳቢ ሆዱን ሲከፍት
ድስት እቆጥራለሁ፣ ፔርሙስ እቆጥራለሁ፣ ብርጭቆ በደርዘን፤
ከዚያ ወረቀቱ ላይ ቷ!
«ጊዜያዊ ቀረጥ ተከፍሏል»።
ውሌ በየስድስት ወሩ አብሮት ይታደሳል፣
ባንድ ገመድ እንደታሰሩ ሁለት ፍየሎች።
ገመዱ ሲፈታ ግን
ለአንደኛው ደብዳቤ ተጻፈ፤ ለሁለተኛው ማን ይጻፍ?

ጦይባ ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ፣
ሐረጎን ቁልቁል ወርዳ በወር በወር ትመጣ ነበር፤
አጥሩ ሥር ቆማ «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የሚነሣው?» ትለኝ ነበር።
«አብሽሪ፣ ጊዜያዊ ነው» እላታለሁ።
ለልጇ ሰርግ ስድስት ሳህን አይታ፣
ጠርዙን ሰማያዊ ሐረግ የዞረው፣
ሦስቱን ገዛች፤ ሦስቱን «ቀረጡ ሲነሣ» ብላ ተወችው።
ልጅቱ በሦስት ሳህን ተዳረች፣
ሁለት ወለደች፤ ትልቁ ዘንድሮ ፊደል ቆጠረ፤
አንዱ ሳህን ተሰበረ።
ሰማያዊ ሐረግ ያለው መምጣት ካቆመ ሦስት ዓመቱ፤
ይህን አልነገርኳትም። አፌን ያዘኝ።

ቦርከና ዳር ደግሞ ሙህዬ አለ፣
የሞተ ሞተር አቅልጦ ድስት የሚያወጣ፤
የውጭው ሲወደድ ደጁ ሰው አጥቶ አያውቅም፣
ሁለተኛ ወናፍ ገዛ፣ ሁለት ጎረምሳ ቀጠረ።
ወሬውን ስነግረው መዶሻውን አላስቀመጠም፤
«የኔ ድስት ወፍራም ነው፣ ክዳኑም ትንሽ ይንሻፈፋል፣
ግን ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል።»
በመዶሻው እጀታ አንዱን መታው።
«ስማ!» አለኝ። ሰማሁ።
የምመልስለት ቃል ግን አላገኘሁም።

ዓርብ ማኅተሙን መለስኩ።
የዕቃ ግምጃ ቤቷ ወይዘሮ አስካለ መነጽሯን ከፍ አድርጋ
«ተረክቤያለሁ» ብላ ፈረመች።
የእንጨት እጀታው የአውራ ጣቴን ቅርጽ ይዟል፤
ያ ጎድጓዳ ከእንግዲህ ለማን ጣት ይሆናል?

ሰኞ ደሴ ወጣሁ። ጦሳ ጉሙን እስከ ወገቡ ታጥቋል።
ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ መካከለኛ ድስት።
ዋጋው ያው ነው።
«ቀረጡ ተነሥቷል እኮ!» አልኩት።
«ተነሥቷል?» ሳቀ ባለሱቁ፤ «ተነሥቶ የት ሄደ?
ይኸው እዚህ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል፤
የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ደረሰኙም አለ።»
እውነቱን ነው።
ሣር እንኳ የተጫነው ድንጋይ ሲነሣለት
ቢጫ ሆኖ ይሰነብታል።

ካርቶኑን አገላበጥኩት።
በሰማያዊ ማርከር፣ ተጣሞ፣ 48 ይላል፤
ስምንትን ከታች ጀምሮ ወገቧን የሚያቀጥን
በሦስተኛው መጋዘን ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

የመጨረሻ ደመወዜን አወጣሁ።
ባለሱቁ መልሴን እየቆጠረ፣ ጣቴ ላይ ያለውን ቀለም አይቶ፣
«ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።
«ጊዜያዊ ነበርኩ» አልኩት፣
ድስቱን ብብቴ ሥር አድርጌ።