አሥራ አንድ ሰከንድ

ይቆረጥ ብሎኝ ነበር አሳታሚው፣
"ሰባተኛው ዘፈን ላይ ያ ክፍተት፣ ምንም የማይሰማው፣
ማሽኑ ተበላሸ ይላል ሰው።"
መቀሱ በእጄ ነበር፤ አነሳሁት፣
ጥቂት ይዤው ቆየሁና፣ ተውኩት።

ምሽቱ አፉላ ላይ ነው፣ የባህል አዳራሹ ሲጨናነቅ፣
የሜዳው ሙቀት በር ሲነቀንቅ፣
ከኋላ ወንበር አንዱ የሱፍ ፍሬ ሲሰነጥቅ
(እሱም ይሰማል፣ ጆሮ ላለው፤
ሦስት ጊዜ ላጠፋው ሞከርኩ፣ ከክራሩ ሥር ነው ያለው)፤
ጋሽ ዋኘው ጀምበሬ፣ ሰባ አራት ዓመቱ፣
ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ክራሩን ከደረቱ፣
ሠላሳ ዓመት የዘፈነውን፣ ያንኑ አነሳ፤
"በሯ ላይ ቆሜ ስሟን…"
ረሳ።

አንድ። ሁለት። ማቀዝቀዣው ያጉተመትማል።
አራት። ሕፃን ያስነጥሳል። "ይማርህ" የሚል ይሰማል።
ሰባት። የወንበር ሲጥታ።
ዘጠኝ ላይ አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ገታ።
አሥራ አንደኛው ላይ አንዲት ሴት፣
ከጨለማው መሃል፣ በሳቅና በድፍረት፣
"ኧረ ረሳኸው!" አለች።
እሱም ቃሏን እንደ ወደቀ ሳንቲም አንስቶ፣
"በሯ ላይ ቆሜ ስሟን ረሳሁት"
ብሎ ዘፈናት፣ ዓይኑን ዘግቶ።
የጥንቱ "ጠራሁት" ነበር። ካሴቱን ያለቀሰበት ሁሉ ያውቃል።

አልበሙ ከወጣ ወዲህ ስልኬ አላረፈም።
ፈረደ፣ የቤርሳቤህ መስመር ሹፌር፣
"የድሮው ይሻላል፣ ያኔ ድምፁ ወፍራም ነበር፤
አሁን ሻክሯል፣ እንደ ጠጠር መንገድ" ይላል።
ይላል እንጂ፣ ተሳፋሪ ሲያልቅ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ
ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጠዋል።

መምህር ቢተው ወረቀት ላይ ጽፈው ላኩ፦
"በአምስተኛው ዘፈን ሦስተኛው ክር ከቅኝት ወጥቷል፤
በስምንተኛው ታርሟል።"
እውነታቸውን ነው። ምን ልመልስላቸው?

እትዬ ጥሩየ፣ ቂርያት ማላኪ፣ አስተያየት የላቸውም።
ሰሃን እያጠቡ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ
እሳቸውም በእርጥብ እጃቸው ያጨበጭባሉ፣
አረፋው መስኮቱ ላይ።
"ይህን ያህል ሰው ባንዴ በአማርኛ ሲስቅ
ከሰማሁ ቆየሁ" አሉ።
የልጃቸው ልጅ ናዳቭ፣ ለሰንበት እረፍት የመጣው ወታደር፣
በዕብራይስጥ ይጠይቃል፦ እዚህ ጋ ለምን ሳቁ?
"ረሳኸው ስትለው ጊዜ፣ እሱ ደግሞ ረሳሁት…"
ይጀምሩና ይቆማሉ። እንደገና ይጀምራሉ።
"በል መልሰው" ይሉታል መጨረሻ ላይ፣
"አንተ ዝም ብለህ ስማ።"

ደግሞ "አውቆ ነው" የሚሉ አሉ፣
"ሰሙን አሳይቶ ወርቁን ሊያስቆፍረን" እያሉ፤
"እርጅና ነው" የሚሉም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤
"ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ያን በር አይወደውም" ያለኝም አለ፣
አንድ ሰው።

ያችን ሴት "እኔ ነኝ" ብለው ሦስት ደወሉ፤
አንዷ ከሐዴራ፣ አንዷ ከረሆቦት።
ሦስተኛዋ በዚያ ምሽት ዮቅነዓም፣ የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ነበረች፤
ፎቶ አለ።
ቢሆንም ማለች።
አላሳፈርኳትም። ድምፁን ደጋግሜ ሰማሁት፣
የሦስቱንም አይመስልም፤
ትንሽ የእናቴን ይመስላል፣
እሷ ደግሞ ዘፈን አትወድም።

ጋሽ ዋኘው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠፋ።
ትናንት፣ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀር፣ ደወለ።
"አንቺ ልጅ፣ ያ ዝም ያልኩበት ቦታ
ትንሽ ይጨመርበት፣ አጥሯል።
እዚያ ቆሜ ሳለሁ ረጅም ነበር።"
"ጋሼ፣ የተቀዳው ይኸው ነው" አልኩት፣
"ዝምታ ከየት አመጣለሁ?"
ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ ሲያበቃ
ስልኩን አልዘጋም፤ እኔም አልዘጋሁም።
ከወዲያ ማዶ አሮጌ ማቀዝቀዣ ያጉተመትማል።
አንድ። ሁለት።
እጄ፣ ሳላዘው፣ መቅጃውን ተጫነ።