ባዶ ሆኖ የተመለሰው ቅጽ

ቁልፉ ይኸውልህ፣ ደብተሩም ይኸው፤
ጠርዙን ያጨማደደው የሾርባ እንፋሎት ነው።
ሰኞ ወንበሬ ላይ ስትቀመጥ፣ ፋኩንዶ፣
አንድ ገጽ ታገኛለህ፣ የተተወ ባዶ።
እንዳትቀደው።
ማቴህን አስቀምጥ፣ ቴርሞስህን ዝጋ፤
ነገሩ የሆነው የውሃው ስምምነት ሊፈረም ሲጠጋ፣
በመጋቢት ነበር፤ ዐሥራ አራት እንግዳ፣ አንድ ረጅም ገበታ፣
ሞንቴቪዴዮ ላይ፣ ነፋስ ባጣ ማታ።

ለየኤምባሲው ቅጽ ላክሁ፣ በጨዋ ቃል፣ በማኅተም፦
«ክቡርነትዎ የማይበሉት ምንድን ነው?»
መልሱ አልዘገየም።

ሚስተር ኮታሪ ሥጋ አይነኩም፣ ዓሣም፣ ዕንቁላልም፤
ይህስ ምንም አይደል፤
ግን ሽንኩርትም አይሆንም፣ ድንችም፣ ካሮትም፣
ከመሬት ተነቅሎ የሚወጣ ሥር ሁሉ፤
«ሲነቀል አብሮት የሚሞት ነፍስ አለ» ይላሉ።
(እኔም ከዚያ ወዲህ ቀይ ሥር ስነቅል እጄ ይሰንፋል፤
ለምን እንደሆነ እንጃ።)
ወይዘሮ ሳፖርታ ዘንድ ሥጋና ወተት አይተያዩም፤
አንድ ድስት ቀርቶ አንድ ማንኪያ አይጋሩም፤
ሳህናቸው ከፖሲቶስ፣ ከረቢው ወጥ ቤት፣ ታሽጎ ይመጣል፤
ማንም አይነካውም፣ ራሳቸው ይከፍቱታል።
አምባሳደር ሲሴ ጾመኛ ናቸው፤ ወሩ ረመዳን ነው፤
ፀሐይዋ ወንዙ ውስጥ ሳትገባ ውሃም አይቀምሱ፤
የምትገባው አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው።
ሚኒስትራችን ደግሞ ንግግር ሲወዱ!
ከንግግራቸው ሁለት ገጽ ተኩል በመቀስ ቆረጥሁ፤
ለቴምሩ ስል።

ኤዲሰን ዝርዝሩን አነበበ፤ ሽርጡን ፈታ፤ ወረወረው።
«ለአንድ ሰው ሦስት ላም በሚደርስበት አገር
ለመንግሥት እንግዳ ዱባ ላቅርብ? ዱባ!»
ብሎ በጓሮ በር ወጣ።
ሲጋራውን ጨርሶ ተመለሰ፤ አላየኝም።
ከቀትር ጀምሮ፣ ለብቻው ባነደደው ፍም ላይ፣
ጎድን እንደሚጠብስ ሰው፣ ዱባ ሲያገላብጥ ዋለ።

አምባሳደር ኡዞማ ቅጹን መለሱ።
ባዶ። ፊርማቸው ብቻ።
እኔም ደስ ብሎኝ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፤
በስማቸው ትይዩ «ቀላል እንግዳ» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ።

ቴምሩ በሰዓቱ ደረሰ፤ እሽጉ በሰዓቱ ተፈታ፤
ሚስተር ኮታሪ ዱባውን ደገሙ፤ ኤዲሰን በበሩ ስንጥቅ አየ፤
ሁሉም ተሳሳቀ፣ ስለ ወንዙ ግን ቃል የወጣው የለም፤
ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።
መጨረሻ ላይ አስተናጋጁ ሚልተን ጆሮዬ ሥር መጣ፦
«የናይጄሪያው አምባሳደር ዳቦ በናፕኪን ጠቅልለው
ኪሳቸው ከተቱ። ናፕኪኑ የመንግሥት ንብረት ነው፤
ምን ላድርግ?»
«ሳህናቸውን አታንሳ» አልኩት።
ያን ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

በሩ ላይ ባርኔጣቸውን ሳቀብላቸው
ኪሳቸውን በመዳፋቸው ከልለው፣
«ቅጹን ልሞላው ቁጭ ብዬ ነበር፣ ወይዘሮ ኔሊዳ» አሉ፤
«ጥያቄው አልገባኝም።
በጦርነቱ ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤
እህቴ እንሽላሊት ቀቅላ ሰጥታኝ፣
ጨው ስለሌለው ይቅርታ ጠየቀችኝ።
የማይበሉት ምንድን ነው?
ሌሊቱን አሰብኩ፤ አላገኘሁትም።»

«ቀላል እንግዳ» የሚለውን በላጲስ ሳጠፋው ወረቀቱ ሳሳ፤
ያ ነው ባዶው ገጽ፤ ወደ መብራት ብታነሳው
ቀዳዳ አለው።
ጥያቄውን ልለውጠው ስንት ዓመት ታገልሁ፤
ሌላ ቃል አጣሁ። አንተ ሞክር።

ስምምነቱ? አልተፈረመም።
ዱባው ግን አልቋል፤ እንዴት እንደ ሠራው ኤዲሰን አይናገርም፤
ብትጠይቀው ሽርጡን ይፈታል።
ስለ ናፕኪኑም አትጨነቅ፤
ዐሥራ አራት አውጥቼ ዐሥራ ሦስት ስመልስ፣
«በወይን ጠጅ ተበላሽቷል» ብዬ መዝገቡ ላይ ፈርሜያለሁ።