ባዶ ቦታ

ሰበታ ዳር፣ ቆርቆሮውን ዝናብ ሲደበድብ፣
ስኮትላንዳዊው ቄስ ማክሬ አንዲት ቃል ሲያስብ
ሦስት ክረምት ሄደ። እኔ ታይፕ ስመታ
ነጥብ ደርድሬያለሁ በቃሏ ቦታ፦
ጌታ ድውይ ሲያይ ምን ሆነ ይባላል?

«አዘነ» ብንለው «ቀለለብኝ» አለ፣
«ራራ»ን ብሰጠው ዝም ብሎ ዋለ።

ዘበኛው ዱጋሳ አንድ ሐሙስ ያለ ጋቢ መጣ፤
ከሚንገጫገጭ ጥርሱ መሃል ቃሏ ወጣ፦
«አውቶቡስ የምትጠብቅ አንዲት አራስ አየሁ፤
አንጀቴን በላችው፤ ጋቢዬን ሰጠሁ።»

ቄሱ ሻዩን ደፍቶ «አንጀት! አንጀት!» ሲል
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ «ግሪኩም ሆድ ይላል!»

ኮሚቴው ሰረዘው። «አንጀት ነውር ነው።»
«አዘነ» ተብሎ ነው መጽሐፉ የወጣው።

ካርቦን ቅጂው አለ፣ በሣጥኔ ታጥፎ።
ዱጋሳ፣ ማንበብ የማያውቀው፣ ዛሬም በር ላይ ነው፣
በሟቹ ቄስ ካፖርት፣ እጅጌው ከጣቱ አልፎ።