እጅ መንሻ

ስሙ ውስጥ ዘውድ ነበር፤ ማን ልብ ብሎ ሰማ?
"አዴ" ማለት አክሊል፣ ባገሩ ቋንቋማ።
ለኛ ግን ዶክተር ነው፣ ዶክተር አዴጎኬ፤
እኔም ገና ጀማሪ፣ ከአምቦ ተልኬ፣
ጥቁር አንበሳ ውስጥ መቀስ ሳቀብል ከጎኑ
ዐሥራ አንድ ዓመት ቆምኩኝ፣ ሳይሰለቸኝ ቀኑ።

ማንያህልሻል ማለት ቢረዝምበት
ስሜን እንደ ትርፍ አንጀት ጫፉን ቆረጠበት፤
"ሲስተር ማኒ፣ መቆንጠጫ።" "ሲስተር ማኒ፣ ክር።"
ሌላ ቃል የለውም፤ ሲሠራ አይናገር።

ጎማ ቁጠባ ነው የተከራያት ቤት፣
የወይዘሮ አሰገደች ሰርቪስ፣ ቆርቆሮዋ የሚያፈስ በክረምት።
ሚጥሚጣ በማንኪያ ሽሮው ላይ ነስንሶ
"ይሄ የልጅ ነው" ይላል፣ ላብ እስኪያጠምቀው ጎርሶ።
ጠዋት ጠዋት በእግሩ፣ በቸርችል ዳገት፣
ጋዜጣ አዟሪዎች እጅ ዘርግተው "ዶክተር!" ሲሉት
በአንገቱ ሰላም ብሎ እጁን ከኪሱ አያወጣም፤ ይሰስታል፤
"መሣሪያዬ እኮ ነው" ይለኛል፣ "ብርድ ይመታዋል።"

በሐምሌ ሌሊት ነው። ከሰንጋ ተራ ፎቅ የወደቀ መጣ፣
ፀጉሩ ሲሚንቶ፣ ኪሱ ውስጥ ቆሎ፣ ነፍሱ ልትወጣ።
ሆዱን ከፍተን ሳናበቃ መብራቱ ድርግም አለ።
ጄኔሬተሩ አንዴ ጮኸ፣ አንዴ ሳለ፣
ዝም አለ።
አዴጎኬ አልጮኸም። እጁን ጉበቱ ስንጥቅ ውስጥ ከቶ
ደሙን በመዳፉ ገድቦ ቆመ፣ ዓይኑን ዘግቶ።
ሃያ ሁለት ደቂቃ። በስልኬ መብራት ላቡን ስጠርግለት
ባገሩ ቋንቋ ያጉተመትማል፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልጠየቅሁት።
ልጁ ዳነ። ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ መነጽር ይሸጣል፤
በጨለማ ማን እንደያዘው፣ እሱ በምን ያውቃል?

ኋላ ስልክ መጣ። አጎቱ ንጉሡ ሞቶ፣
በኢሎዶ ከተማ ዙፋን ባዶውን ቀርቶ።
ሦስት ጊዜ እምቢ አለ፤ መልበሻ ክፍል ሲሟገት ሰምቻለሁ፦
"ማክሰኞ ሁለት የሐሞት ጠጠር፣ ሐሙስ አንድ እንቅርት ቀጥሬያለሁ!"
ባራተኛው ዝም አለ።
ጓንቱን አወለቀ፣ ገለበጠ፣ ባልዲው ውስጥ ጣለ።
ከፒያሳ ኬክ ገዛን፣ ስሙን አሳስተው የጻፉበት፤
ቢላውን ሲይዝ እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ የኛ ዓይን ነው የራሰበት።

ስድስት ዓመት አለፈ። ጥር ላይ፣ ለስብሰባ ነገሥታቱ ሲመጡ
ግቢያችን መኪና ሞላ፤ ዘበኞቹ ኮፍያቸውን ፈልገው አጡ።
ቀይ ጃንጥላ፤ ካክሊሉ የወረደ የዶቃ መጋረጃ፤
ፊቱ ይኑር አይኑር ከዶቃው ጀርባ፣ እንጃ።
ወግ ነው አሉን፦ የኢሎዶ ንጉሥ ደም አያይም፣
ሰው አይጨብጥም፣ ቢላ አይዝም።
እጅ ነሳን ሁላችን፣ ከወገብ ታጥፈን፣ ለጃንጥላው።
እኛ እጅ ነሳን፤ እነሱም እጅ ነሱን። ማን አሰላው?
ሃያ ሁለት ደቂቃ ደም የገደበ እጅ፣ ነጭ ጭራ ይዞ፣
ዝንብ በሌለበት ኮሪደር ሲወዛወዝ፣ ደንዝዞ።

(አልዋሽም፤ አጃቢው ነገረኝ፦ ሁለት ሰፈር በውሃ ሲጋደል
ንጉሡ ሄዶ ተቀመጠ አሉ፣ ከሁለቱ መሀል፤
ሳይናገር አደረ፣ ደማቸው እስኪረጋ።
ይህን ስሰማ አውቄዋለሁ፤ ሥራው አልተዘጋ።)

ከቀዶ ክፍሉ በር፣ ከመታጠቢያው ፊት፣ ግን ቆመ።
ወግ ጠባቂው ሰዓቱን አየ፣ አጉረመረመ።
ንጉሡ የሐር እጅጌውን ሰቀለ፣ እስከ ክንዱ፤
ቧንቧውን በክርኑ ገፋ፤ አልጠፋውም መንገዱ።
ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ፤
ትንፍሽ ያለ የለም፣ ጃንጥላው፣ መኳንንቱ፣ ሁሉ።
ከዚያ ሁለት እጁን ሽቅብ አንሥቶ፣ ውሃው በክርኑ እየተንጠባጠበ፣
ጠበቀ። ማን ይቅረበው? ሰው ሁሉ ከሩቅ ከበበ።

ንጉሥ ፊት ባዶ እጅ አይኬድም ይል ነበር አባቴ።
ማር የለኝ፣ ሙክት የለኝ፤ ምንድነው ሀብቴ?
አንድ አረንጓዴ ፎጣ፣ በእንፋሎት የተቀቀለ፣
ዘርግቼ አቀበልኩት። ከዶቃው ጀርባ፣ "ሲስተር ማኒ" አለ።

ሌላ ቃል የለውም።