ሌላ ሰው ነበር?

ደሴ ጉም ለብሳ፣ ጦሳ ጠፍቶባት፣
ቤተ መጻሕፍቱ በቀን መብራት በርቶበት፣
ዘምዘም አንድ ቁጥር ይዛልኝ መጣች፤
«ሰባ አንድ በመቶው ያምናል፤ ይኸው» አለች።
ሦስት መጽሔት ጠቅሶታል፣ ሦስቱም የምሁር፤
ሦስት ምስክር ከቆመ፣ ምን ክርክር?

«እንስራው ሦስት ነው፣ ምንጩ ግን አንድ፤
ነይ ወደ ራሱ እንያዝ መንገድ።»

የዘዴውን ምዕራፍ ገልጠን ብናየው፣
ወሩ ጥቅምት ይላል፣ አገሩ ቃሉ ነው፤
ከሐርቡ ከፍ ብሎ፣ ማሽላ ያሸተበት።
እጄ ቀዘቀዘ። እኔ ነበርሁበት።

በቀን አበል የተቀጠርሁ፣
ታብሌት ባንገቴ ያንጠለጠልሁ፣
በየአምስተኛው ቤት፣ እጣ እንዳዘዘኝ፣
ከቀበሌ የተላከው ጌጡ እየመራኝ፤
ደግ ሰው ነበር ጌጡ፣ ጥላውን የሚያጋራኝ።

ሉባባ ይማምን ማማ ላይ አገኘኋት፤
ወንጭፏ በእጇ፣ ጠጠሩ በጉያዋ፣
ዓይኗ ከወፉ ላይ፣ ጆሮዋ ከእኛ።
አንገቴን አቅንቼ ከታች ጮህሁ፦
«በወረዳው አስተዳደር ምን ያህል ይተማመናሉ?
በጣም፣ በመጠኑ፣ ጥቂት፣ ወይስ ምንም?»
ማሽላው ሰማ። ጌጡም ሰማ።
እሷም ጮክ ብላ፣ «አላውቅም!»
ዘጠና ስምንት። የ«አላውቅም» ኮዱ ነው።
ቀጣዩ ጥያቄ። «አላውቅም!» ዘጠና ስምንት።
ሦስተኛው። «እናንተ ታውቁ የለ!»
ለዚህስ ኮድ የለኝም።
ዘጠና ስምንት።

የጌጡ ስልክ ጮኸ፤
ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጣ።
ሉባባ ከመሰላሉ ሁለት እርከን ወረደች፣
ድምጿን ከእርከኑ በታች ዝቅ አድርጋ፦
«አንተ ልጅ፣ እኔ ወንጭፌን እንደያዝሁ
ወፏን ‹ርቦሻል ወይ?› ብዬ ብጠይቃት
ምን የምትለኝ ይመስልሃል?»
ዝም አልሁ።
«‹ጠግቤያለሁ› ነዋ!»
ሳቀች። ተመልሳ ወጣች።
ጠጠሩ ከራሴ በላይ አፏጭቶ አለፈ፤
ወፉ እንደ አቧራ ከማሽላው ተነሣ።

ያን የማሰፍርበት ቦታ ታብሌቱ አልነበረውም።
መጨረሻ ገጽ ላይ ብቻ፣ ለጠያቂው የተተወች
አንዲት ጥያቄ ነበረች፦
«ቃለ መጠይቁ ሲካሄድ ሌላ ሰው ነበር?»
ጌጡ እየወረደ እጁን ያውለበልባል፤
ገና ስድስት ቤት ይቀረኛል፣ ፀሐዩ ከሯል።
«አዎ»ን ነካሁ።
ነካሁና ረሳሁ።

«አባሪውን ግለጪ» አልኋት ዘምዘምን።
አባሪ ማን ያነባል? ሦስቱም ጠቃሾች አላነበቡም።
ሠንጠረዥ ሰባት፣ ፊደሉ ጤፍ የሚያክል፦
ሌላ ሰው በነበረበት፣ ሰባ ስምንት።
ብቻቸውን ለተጠየቁት፣ አርባ ስድስት።
መልኳን የማላውቃት ያቺ ተመራማሪ፣
በጥድፊያ የነካኋትን «አዎ» ሳትጥል፣
እንደ ዘር ለይታ አኑራልኛለች።
ከሥሩ ደግሞ፣ በኮከብ ምልክት፦
«አላውቅም ያሉት ከስሌቱ ወጥተዋል።»
ሉባባ ከሚያምኑትም የለች፣ ከማያምኑትም የለች፤
ማማዋ ላይ እንደቆመች ቀርታለች።

«ታዲያ እውነቱ የቱ ነው፣ መምህር?
ሰባ አንዱ ነው ወይስ አርባ ስድስቱ?»

መልስማ አላጣሁም፤ እንጀራዬ ነው፤
የናሙናው ስፋት፣ የስህተቱ ወሰን፣
ገንዘቡን ማን ሰጠ፣ በሩን ማን ዘጋ፣
ጥያቄው በአማርኛ ነው ወይስ በኦሮምኛ ተጻፈ፣
ብዬ ጀመርሁና መሃል ላይ ተውሁት።

«እስኪ አንቺ ንገሪኝ» አልኋት፤
«ያስተማርሁሽ ሁሉ ገብቶሻል?»

ትንሽ ቆየች።
«ገብቶኛል፣ መምህር።»

ጉሙ ከመስኮቱ አልተገፈፈም።
እጄን ዝቅ ብዬ ባየው፣
ቀይ እስክሪብቶ ይዟል።