የጠጠር ሚዛን

ሐሙስ ማታ ስድስት ነን፣ በኢርያ ኮስኬላ ምድር ቤት፣
ከማሞቂያው ጎን፣ ከታጠፈው የልብስ ማስጫ ፊት።
ውጭ ሐይቁ ረግቷል። ታንደር ቤይ በጥር ወር
መርከብ አያይም፤ ባቡር ብቻ ሲያቃስት ያድር።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆመርነው በሮንዴላ ነበር፤
ትንሹ አምስት ሳንቲም፣ ትልቁ ሩብ ዶላር።
ባለፈው ኅዳር ግን የኦረስት ካፖርት ከመስቀያው ወድቆ
ሮንዴላ ወለሉን ሞላው፣ ከኪሱ ፈልቆ።
ኦረስት መካኒክ ነው።
ሌባ ያለው የለም። ዌንደል ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ፤
«የደንቡን ጠጠር ብንገዛስ?» ብሎ ነገሩን ሸሸገ።

አሥር አሥር ዶላር አዋጣን፤ ስልሳ ሞላ።
ግዢው ለእኔ ተሰጠ እንጂ አልሆነም ለሌላ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ወደቡ ዳር፣ በእህል ጎተራው ላይ
ስንዴ ስመዝን ኖሬያለሁ፤ ክብደት አውቃለሁ ሳላይ።

መጀመሪያ ፕላስቲኩን አነሣሁ፤
ስምንት ዶላር መቶው፣ እፍ ቢሉት የሚበተን።
ገለባ። ያለህን ሁሉ ወደ መሃል ስትገፋ
የጠርሙስ ክዳን የገፋህ ይመስልሃል፤ ድፍረትህ ሁሉ ይጠፋ።

ቀጥሎ የሚያብለጨልጨው፣ በአሉሚኒየም ሻንጣ፤
አምስት መቶ ፍሬ፣ ሃምሳ አምስት ዶላር። ሻጩ ልጅ እያሞካሸ መጣ።
«አንሣው እስቲ! አሥራ አራት ግራም። ክብደት ማለት ጥራት ነው» አለኝ።
አነሣሁት። መዳፌ የቆየ ነገር አስታወሰኝ፦
አንድ ፉርጎ ስንዴ፣ ሚዛኑ ልክ፣ ወረቀቱ ልክ፣
ስንገለብጠው ከሥሩ ድንጋይ፣ የበረዶ ክምር፣ ጭቃ።
ይሄም ያው ነው። ላዩ ላይ «ሸክላ» ተብሎ ተጽፎበት
መሃሉ ክብ ብረት ተቀብሮበት።
ለካ ከኦረስት ሮንዴላ አንድ እርምጃ አልሸሸንም፤
ቀለም ቀብተው ሊሸጡልን ነው እንጂ አልተለየንም።

ሴራሚኩ? ውብ ነው፤ እስከ ጠርዙ ሥዕል የታተመበት።
ዋጋውን ሳይ፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣ በሁለት እጄ መለስኩት ባለበት።

ከመደርደሪያው ግርጌ አቧራ የለበሰ ካርቶን ነበር፤
ሻንጣ የለው፣ ቁጥር የለው፣ ሦስት መቶ ፍሬ ጠጠር።
የሸክላ ቅልቅል። ከአሥር ግራም ትንሽ የሚያንስ፣ ብረት አልባ።
ሃያውን ደረደርኩ፤ ማማው ቀጥ አለ፣ አልዘመመም።
አውራ ጣቴን በምራቅ አርሼ ቀዩን አሸሁት፤ አልደማም።
ሁለቱን አጋጨሁ።
ብረት ያለበት ይጮኻል፣ ፕላስቲክ ይንጫጫል፤
ይሄ ግን ደህና አናጢ የሠራው መሳቢያ
ቦታው ሲገባ የሚሰማውን ይላል።

«ቁጥር የለውም እኮ» አለ ልጁ፣ ሊያስቀረኝ።
«ደጉ እሱ አይደል?» አልኩት። «ነጩ ዛሬ አምስት ሳንቲም ነው፤
የፊሊስ ልደት ሲደርስ ውድድር ካማረን ሃያ አምስት ነው።
ቀለም የተስማማንበትን ነው።
አምስት መቶስ ምን ሊረባን? ለስድስት ሰው ሃምሳ ሃምሳ ይበቃል።»
ሃምሳ ሁለት ከፈልኩ፤ በተረፈው ካርታ ገዛሁ፣ ሁለት እሽግ።
ሻንጣው? የኢርያ የብስኩት ቆርቆሮ።

ሐሙስ መጣ። ካርታው ተበወዘ።
ኦረስት አንዱን ጠጠር በቅባት በጠቆረ ጣቱ ያዘ፣
አገላበጠው፣ ጥፍሩን በጠርዙ ዙሪያ አስኬደ፣
«ይሄንንስ ጋራዥ ውስጥ መሥራት አይቻልም» አለ።
ዝም አልን። ከዚያ ኢርያ ሳቀች፣
ከዚያ ሁላችን፤ እሱ ራሱ እስኪያስለው።

አምስት ሰዓት ላይ ሁለት ጥንድ ይዤ ያለኝን ሁሉ ገፋሁ።
ኦረስት ሦስት ንግሥት ዘረጋ።
ሁለት ክንዱን አንጥፎ የእኔን ሃምሳ ወደ ደረቱ ሲሰበስብ
ያ ድምፅ፣ እኔው የመረጥኩት ድምፅ፣ በጠረጴዛው ላይ አለፈ።
ሳላስበው ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንደ ድሮው፣
ሚዛኑን ለመስማት።
ልክ ነበር።