እግርሽን አሳዪኝ

አሞራ ገደል ላይ ሰው ሁሉ ዓሣ ሲያይ፣
አባ ኮዳ ሲሻማ ካስጋሪው እጅ ላይ፣
እኔ አንጋጥጬ ከዋርካው ሥር ቆሜ
አንዲት ቅጠል ስጠብቅ ሦስት ቀን ከርሜ፣

ቅጠሏ ዘለለች።

አውራ ጣት አታክል። ጀርባዋ የወይራ ቅጠል፣
ሆዷ ፀሐይ ያደበዘዘው የሎሚ ልጣጭ፣
ከዓይኗ በላይ አንዲት ነጣ ያለች መስመር፣
አንድ ሰው ቸኩሎ በጣቱ የሳባት።
ትንኝ ትለቅማለች፣ ቅጠል ትገለብጣለች፣
አንድ ቦታ መቆምን እንደ ነውር ቆጥራለች።

መጽሐፌ ውስጥ ሁለት ናት።
ሁለቱም ገጽ ላይ ያለችው ይህችው፤
ቁመቷ ያው፣ ቀለሟ ያው፣
ጥፋቷ እንኳ ያው።
ልዩነቱ እግር ነው፦ ጥቁር ከሆነ ያችኛዋ፣
ገለባ ከመሰለ ይህችኛዋ።
«ብትዘምር ግን» ይላል፣ «ማንም አይሳሳትም»።
አትዘምርም።
ሐዋሳ የመጣችው ክረምት ሸሽታ፣ ልትበላ ነው፤
ዜማዋን ጎጆ ለምትሠራበት አገር ቆጥባለች።

«እባክሽ እግርሽን አሳዪኝ!» አልኩ፣
ድምፄ ሳላስበው ወጣ።
አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁለት ፍቅረኞች
ዞረው አዩኝ፤ ልጅቷ ቀሚሷን ሳበች።

ጥበቃው ጋሽ ባራሶ ዱላውን ተደግፎ መጣ።
«ምን ጠፋብህ?»
«ወፍ።»
«ወፍ? እዚህ? ሞልቶ!»
«የእግሯ ቀለም ነው የጠፋኝ።»

ሳቀ፣ ሳል እስኪያቋርጠው።
«እኔም አምና መታወቂያዬ ጠፋና ቀበሌ ሄድኩ።
ሠላሳ ዓመት በደጃቸው ያለፍኩ ሰውዬ፣
ባራሶ ለመሆንህ ሦስት ምስክር አምጣ አሉኝ።
እግሬን ያየ የለም።»

ያኔ ወረደች። ራሷ።
ሸምበቆው ጫፍ ላይ፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካት፣
ሸረሪት ባፏ፣
ሸምበቆው በሷ ክብደት እንኳ ሳይጎብጥ።
ገለባ! እግሯ ገለባ ነው!
ለየኋት ብዬ ልጽፍ አቀረቀርኩ፤
ቀና ስል
ተለየችኝ።

«እና ማን ሆነች?» አለ ባራሶ።
ስሟን ነገርኩት። ደገመው፣ ምላሱ ላይ ተሰበረ።
«እኛ እኮ የትንኝ ዘበኛ ነው የምንላት» አለኝ፤
አሁን፣ እዚሁ እንደ ፈጠረው ያስታውቅበታል።
ሁለቱንም ጻፍኩ።

ነገ ጥቁር እግሯን ልፈልግ እመጣለሁ።
ባራሶ ወንበር አወጣልሃለሁ ብሏል።